ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻ፦ ለቤት መጠባበቂያና የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰባቸው አካባቢዎች ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምዘና

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ቤትን ለማብራት፣ ወይም መስመር ባልተዘረጋበት አካባቢ አነስተኛ መገልገያዎችን ለማንቀሳቀስ ታስቦ የሚሸጥ ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻ በገበያችን እየተለመደ መጥቷል። መሣሪያው ባትሪን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ኢንቨርተርን፣ የባትሪ መቆጣጠሪያንና የፀሐይ ፓነል መቀበያን በአንድ ሣጥን ውስጥ አጣምሮ የያዘ ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፣ ጭስ አያወጣም፣ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ስለሆነም እንደ ጄኔሬተር ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ አያስገድድም፤ በመርዛማ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የመታፈን አደጋም የለበትም።

ይሁንና መሣሪያውን ለመግዛት አብዛኛው ቤተሰብ ረጅም ጊዜ መቆጠብ ይኖርበታል። ገዢው ከካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚያነበው ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለውሳኔው የሚያስፈልገው ቁጥር አይደለም። ይህ ጽሑፍ ተጠቃሚዎች ከሻጩ መግለጫ ሳይሆን ከራሳቸው ቤት ፍላጎት ተነሥተው መሣሪያውን መመዘን የሚችሉበትን መንገድ ያስረዳል።

ዋት እና ዋት ሰዓት

እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች አሉት። አንደኛው በዋት ሰዓት የሚገለጸው የማከማቸት መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው በዋት የሚገለጸውና መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። ጉዳዩን በጣሪያ ላይ በሚሰቀል የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ መመሰል ይቻላል፤ ዋት ሰዓት ሮቶው የሚይዘው ውኃ ሲሆን፣ ዋት የቧንቧው ስፋት ነው። ሮቶው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን በጠባብ ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ውስን ነው። ሰፊ ቧንቧ ያለው ትንሽ ሮቶ ደግሞ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይነጥፋል።

የውኃ ማፍያ ጀበና ወይም ኬትል ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት የሚፈጀው 100 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ መሣሪያ በማከማቸት መጠኑ ይህን ሥራ አራት ጊዜ ያህል ሊያከናውን በተገባ ነበር። ነገር ግን ኬትሉ በሥራ ላይ ሳለ ከ1500 እስከ 2000 ዋት ስለሚስብ፣ 600 ዋት ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ገና ሲበራ ራሱን ያጠፋል። የልብስ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃም ከዚሁ ይመደባሉ።

የእንጀራ ምጣድ በሁለቱም መለኪያዎች ከእነዚህ መሣሪያዎች አቅም በላይ ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይስባል፤ በ3500 ዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢሠራ እንኳ 3500 ዋት ሰዓት ይፈጃል። በእጅ ሊሸከሙት የሚችሉት ሣጥን ይህን ሊሸፍን አይችልም። ሻጭ «ምጣድም ያሠራል» ቢል፣ በሱቁ ውስጥ ምጣድ ተሰክቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ የእንጀራ ዙር ሲሠራ ካልታየ በስተቀር ቃሉን መቀበል አይገባም።

የቤትን ፍላጎት ማስላት

ትክክለኛው ምዘና ሱቅ ከመሄድ በፊት በቤት ውስጥ በወረቀትና በእርሳስ ይጀመራል። ኃይል በተቋረጠበት ምሽት በእርግጥ መሥራት ያለባቸውን መገልገያዎች፣ የእያንዳንዳቸውን ዋትና የሚሠሩበትን ሰዓት መመዝገብ ያስፈልጋል። የመገልገያው ዋት አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ወይም በቻርጀሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለአብነት ያህል በከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አምስት ሰዓት በሚቆይ የምሽት መቋረጥ ምን እንደሚያስፈልገው እንመልከት። ባለ 9 ዋት አራት አምፖሎች ለአራት ሰዓት ሲበሩ 144 ዋት ሰዓት፣ የኢንተርኔት ራውተር ለአምስት ሰዓት 50 ዋት ሰዓት፣ ቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር በድምሩ በ65 ዋት ለሦስት ሰዓት 195 ዋት ሰዓት፣ የአራት ሞባይል ስልኮች ቻርጅ 60 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ድምሩ 450 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን 450 ዋት ሰዓት የሚል መሣሪያ ይበቃል ማለት አይደለም። የባትሪው ኃይል ወደ 220 ቮልት ሲቀየር የተወሰነው በሙቀት መልክ ይባክናል፤ ኢንቨርተሩም ለራሱ ይጠቀማል። በመሆኑም ከተጻፈው መጠን ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ በሶኬቱ እንደሚወጣ አድርጎ ማሰብ ይመከራል። 450ን ለ0.8 ስናካፍል 560 እናገኛለን፤ ባትሪው ሲያረጅ ስለሚቀንሰውና ላልታሰበ ጉዳይ አንድ አምስተኛውን በመጠባበቂያነት ከያዝን ተፈላጊው መጠን 700 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በሌላ በኩል እነዚህ መገልገያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ የሚስቡት ከ200 ዋት አይበልጥም። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ለ2000 ዋት ኢንቨርተር ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት የለም፤ ገንዘቡን በማከማቸት መጠን ላይ ቢያውለው ይጠቀማል።

ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ሲጨመር ስሌቱ ይለወጣል። የቤት ፍሪጅ ሞተሩ በሚሠራበት ወቅት ከ100 እስከ 150 ዋት ቢስብም፣ በሚነሣበት ቅጽበት ግን የዚህን በርካታ እጥፍ ይጠይቃል። መሣሪያው ይህን የመነሻ ጫና መሸከም ካልቻለ ፍሪጁ አይነሣም። ሞተሩ እየቆመና እየተነሣ ስለሚሠራ የሰዓት አማካይ ፍጆታው ከ40 እስከ 60 ዋት ሲሆን፣ ያረጁ ፍሪጆች ከዚህ በላይ ይፈጃሉ። ከዚህ ጋር ሊታወስ የሚገባው በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ኃይል ቢቋረጥበትም ለአራት ሰዓት ያህል ምግብን በአስተማማኝ ቅዝቃዜ ማቆየቱ ነው። አጭር መቋረጥ ሲያጋጥም በሩን መዝጋት ባትሪ ከመግዛት ይረክሳል።

በመለያው ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች

አንዳንድ አምራቾች የማከማቸት መጠንን በዋት ሰዓት ሳይሆን በሚሊአምፒር ሰዓት ይጽፋሉ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሚመስል ገዢን ያሳስታል። አንድ መሣሪያ «100,000 ሚሊአምፒር ሰዓት» ቢል ይህ በአብዛኛው በውስጡ ባሉት ሴሎች ቮልቴጅ ማለትም በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው። 100,000ን ለ1000 አካፍሎ በ3.7 ማባዛት እውነተኛውን መጠን ይሰጣል፤ ይኸውም 370 ዋት ሰዓት ነው። ገዢው በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ልማድ ቢያሰላው 1200 ዋት ሰዓት ስለሚመስለው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሳሳታል። የዋት ሰዓት መጠኑ በየትኛውም ገጹ ላይ ያልተጻፈበትን መሣሪያ አለመግዛት ይሻላል።

የኃይል ቁጥርም እንዲሁ በሁለት መልክ ይቀርባል። አንዱ መሣሪያው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሌላው ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ለቤት ስሌት የሚያገለግለው ግን የመጀመሪያው ነው።

ኢንቨርተሩ የሚያወጣው ሞገድ «ንጹሕ ሳይን» መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ደረጃማ ወይም «የተሻሻለ ሳይን» የሚባለው ርካሽ ዓይነት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ቢያሠራም፣ የፍሪጅና የፓምፕ ሞተሮችን ያሞቃል፤ ዕድሜያቸውንም ያሳጥራል።

በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚሸጡ መሣሪያዎች ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ የሚያወጡ ስለሆኑ እዚህ ያለውን ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን በቀጥታ ለማሠራት አይሆኑም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ለቤተሰብ በስጦታነት ለመላክ ሲያስቡ ይህን አስቀድመው ሊያጣሩ ይገባል። በተጨማሪም ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በእጅ ተይዞ በአውሮፕላን እንዲጓጓዝ አይፈቀድም፤ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለቤት መጠባበቂያ የሚሆን መሣሪያ ሁሉ ከዚህ ገደብ በላይ ስለሆነ በሻንጣ ይዞ መምጣት የማይታሰብ ነው። በኤርፖርት ተይዞ የሚቀረው ንብረት ለባለቤቱ ኪሳራ ነው።

በመለያው ላይ ከማይጻፉት ነገሮች ዋነኛው መሣሪያው ምንም ሳያሠራ የሚፈጀው ኃይል ነው። የሶኬቱ ማብሪያ ክፍት ሆኖ ከተተወ ኢንቨርተሩ ብቻውን በሰዓት 15 ዋት ቢወስድ በአንድ ቀን 360 ዋት ሰዓት ይሄዳል። ይህም ከላይ ላየነው ቤተሰብ ከምሽቱ ፍጆታ አብዛኛውን የሚያክል ነው። ስልክና አነስተኛ መብራቶችን በዩኤስቢ ወይም በ12 ቮልት መውጫ መጠቀምና የ220 ቮልቱን ማብሪያ ማጥፋት ይህን ብክነት ያስቀራል።

የባትሪው ዓይነትና ዕድሜ

በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ከሁለት የሊቲየም ዓይነቶች አንዱን ይጠቀማሉ። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የያዘው ዓይነት ቀላልና ለመሸከም ምቹ ሲሆን፣ በአምራቾች መግለጫ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን ከበድ ይላል፤ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፣ ከ2500 እስከ 4000 ዙር እንደሚያገለግልም ይገለጻል።

የትኛው ይሻላል የሚለው በአጠቃቀሙ ይወሰናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ኃይል የሚቋረጥበት ቤት በዓመት 100 ዙር ያህል ብቻ ስለሚጠቀም 800 ዙር የሚችል ባትሪ እንኳ በዙር ቆጠራ ስምንት ዓመት ይበቃዋል። መስመር በሌለበት ገጠር በየቀኑ የሚጠቀም ቤተሰብ ግን በዓመት 365 ዙር ስለሚፈጅ ያው ባትሪ ከሁለት ዓመት ብዙም ሳይርቅ ይደክምበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ካልሆነ መግዛት ገንዘብን እንደ መጣል ይቆጠራል።

ዋጋን ከዕድሜ ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። ለስሌት ያህል የ1000 ዋት ሰዓት መሣሪያ በ100,000 ብር ተገዛ እንበል። 3000 ዙር ቢያገለግልና በየዙሩ 85 በመቶውን ቢሰጥ በዕድሜው 2550 ኪሎዋት ሰዓት ያቀርባል፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 39 ብር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ለመጠባበቂያ ብቻ በዓመት 100 ዙር ለአሥር ዓመት ቢያገለግል ደግሞ ወጪው ወደ 118 ብር ይደርሳል፤ ባትሪውን ለመሙላት የተከፈለው ሂሳብ ገና አልተጨመረም። በመሆኑም መሣሪያው የኤሌክትሪክ ክፍያን ይቀንሳል የሚለው የሽያጭ ቃል ለአገራችን ሁኔታ አይሠራም። ገዢው የሚከፍለው መብራት በሌለበት ሰዓት ሥራው እንዳይቆም ነው፤ ያ ሰዓት ለእሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው ራሱ ነው።

የፀሐይ ፓነልና መስመር የሌለባቸው አካባቢዎች

አገራችን በቂ የፀሐይ ብርሃን አላት፤ በአብዛኛው አካባቢ የዕለቱ ብርሃን ሲጠቃለል ሙሉ ኃይል ካለው የአምስት ሰዓት ፀሐይ ጋር ይስተካከላል። ይሁን እንጂ 200 ዋት የተባለ ፓነል በሙቀት፣ በአቧራና በአቀማመጥ ምክንያት በተግባር ከ140 እስከ 150 ዋት ስለሚሰጥ በቀን የሚገኘው 700 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የበጋ ስሌት ነው። በደጋው አካባቢ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ባለው ደመናማ ወቅት ምርቱ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የፓነሉ ብዛት በሐምሌ እንጂ በጥር ፀሐይ መወሰን የለበትም።

ፓነሎችን በተከታታይ ማገናኘት ቮልቴጃቸውን ይደምራል። መሣሪያው የሚቀበለው ከፍተኛ ቮልቴጅ 60 ከሆነና እያንዳንዱ ፓነል ያለ ጭነት 22 ቮልት ካለው፣ ሁለቱ 44 ስለሚሆኑ ችግር የለም፤ ሦስተኛው ሲጨመር ግን 66 ደርሶ የመቀበያውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። የደጋ ብርድ ባለበት ማለዳ የፓነል ቮልቴጅ ከተጻፈው ከፍ እንደሚል መታወቅ አለበት። ፓነሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ እንዲያገኝ ማድረግ፣ ሣጥኑን ግን በጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በቆላማ አካባቢዎች ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቻርጅ መቀበል ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች ተደራሽ ለማድረግ ያለመ ነበር። በዚህ ረገድ በቋሚነት ለሚኖርበት ቤት የተለያዩ ክፍሎች ያሉት የፀሐይ ኃይል ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ ከተንቀሳቃሽ ሣጥን ይመረጣል። ባትሪው ሲደክም ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ኢንቨርተሩ ብቻ ይለወጣል። በአንድ ሣጥን ውስጥ የታሸገው መሣሪያ ግን አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል፤ የሚጠግነው ባለሙያም በወረዳ ከተማ ላይገኝ ይችላል። ተንቀሳቃሹ ሣጥን የሚመረጠው ቦታ ለሚቀያይሩ፣ ለመስክ ሥራ፣ ለፎቶግራፍና ለድምፅ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በኪራይ ቤት ለሚኖሩና ግድግዳና ጣሪያ ለመንካት ለማይችሉ ነው።

በገዛ እጅ የሚደረግ ፍተሻ

መሣሪያው የተጻፈለትን መጠን መያዙን ማረጋገጥ አስቸጋሪ አይደለም። ለዚህ የድሮው የሚሞቅ አምፖል ከዘመናዊው ይሻላል፤ በትክክለኛው ቮልቴጅ ሲሠራ የተጻፈበትን ዋት ያህል ይስባልና። መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ፣ ከግድግዳ ነቅሎ፣ ባለ 100 ዋት አምፖል ሰክቶ የተጀመረበትን ሰዓት መመዝገብ፤ እስኪጠፋም መጠበቅ ነው። 1000 ዋት ሰዓት የተባለ ጤናማ መሣሪያ ስምንት ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ማብራት አለበት። አምስት ሰዓት ላይ ከጠፋ የተጻፈው ቁጥር እውነት አይደለም ወይም ባትሪው ያረጀ ነው። በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚታየው መቶኛ ግምት ስለሆነ ለዚህ ፍተሻ ምስክር አይሆንም።

ፍተሻው ሸቀጡን ለመመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ መደረግ አለበት። በዚሁ ወቅት ባዶውን ባትሪ መልሶ ለመሙላት የፈጀውን ጊዜም መያዝ ይጠቅማል፤ ኃይል በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ለመሙላት ስምንት ሰዓት የሚጠይቅ መሣሪያ ሁልጊዜ በጎደለ ባትሪ ነው የሚሠራው።

ሕይወት የተመረኮዘባቸው መገልገያዎች

በቤት ውስጥ የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ ለሚጠቀም ሕመምተኛ መጠባበቂያ የሚገዙ ቤተሰቦች ስሌቱን በተለየ ጥንቃቄ እንዲሠሩት ይመከራል። በደቂቃ አምስት ሊትር የሚሰጥ ማሽን 350 ዋት ገደማ ያለማቋረጥ ይስባል። 1000 ዋት ሰዓት የሚይዝ ማከማቻ ይህን ማሽን የሚያሠራው ለሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት 3500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር ከማከማቻው ጎን ሊኖር ይገባል። ማከማቻው ለቤተሰቡ የሚሰጠው ሲሊንደሩን ለማገናኘት ወይም ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ የሚሆን ጊዜ ነው።

ኢንሱሊንን በተመለከተ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ለዚህ ብቻ ትልቅ ፍሪጅን በባትሪ ከማሠራት ይልቅ በ12 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ መጠቀም በእጅጉ ይቆጥባል። በጤና ኬላዎች ክትባት ለማቆየት ግን ለዚሁ ተብለው የተሠሩና ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ስላሉ፣ የቤት ማከማቻ እነሱን ተክቶ እንዲሠራ መታሰብ የለበትም።

ከቤት መስመር ጋር ስለ ማገናኘትና ስለ አያያዝ

በሁለቱም ጫፍ ወንድ መሰኪያ ያለው ገመድ አዘጋጅቶ ማከማቻውን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል። ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ስለሚችል፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ በምሰሶ ላይ የሚጠግን ሠራተኛን ሊገድል ይችላል። የተቋረጠው ኃይል ሲመለስም ከኢንቨርተሩ ጋር ተጋጭቶ መሣሪያውን ያቃጥላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ሙሉ ቤቱን ማገናኘት የፈለገ ሰው ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የመስመር መቀያየሪያ ማብሪያ ማስገጠም አለበት። ከዚያ ውጭ መገልገያዎችን በቀጥታ በመሣሪያው ሶኬት ላይ መሰካት በቂ ነው።

ሲገዙ መሣሪያው የደኅንነት ፍተሻ ያለፈበትን ሰነድ መጠየቅ ይቻላል። ለተንቀሳቃሽ ማከማቻዎች ዩኤል 2743፣ ለባትሪው አይኢሲ 62619፣ ለማጓጓዝ ደግሞ ዩኤን 38.3 የሚባሉት ይታወቃሉ። ሰነዱ የተጻፈለት የሞዴል ቁጥር በሣጥኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማየት አይረሳ።

ለረጅም ጊዜ የማያገለግል መሣሪያ ከ50 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ይፈተሽ። ባዶውን ለወራት የተተወ ባትሪ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በሥራ ላይ ሳለ በብርድ ልብስ ወይም በመጋረጃ አይሸፈን፣ ከመኝታና ከመውጫ በር አጠገብም አይቀመጥ። ሣጥኑ ካበጠ፣ ከወደቀ በኋላ ከሞቀ ወይም ያልተለመደ ሽታ ካወጣ መሙላቱን አቁሞ ወደ ክፍት ቦታ ማውጣት፣ ጭስ መውጣት ከጀመረ ግን ሣጥኑን ለማንሣት ሳይሞክሩ ቤተሰቡን አስወጥቶ የእሳት አደጋ አገልግሎትን መጥራት ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ጭስ መርዛማ ነው፤ ጠፋ የተባለውም እሳት ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሣ ይችላል።